ረቂቁን ስጡን፤ ከነስሙ

በአውሮፓ የዲዛይን ትምህርት ቤቶች ዘንድ አንድ ልማድ ሥር ከሰደደ ቆይቷል። ተማሪው የዓመቱን ሥራ ሲፈጽም የሁለት ወይም የሦስት ደቂቃ ፊልም ያዘጋጃል። በፊልሙ ውስጥ ንጹሕ ጠረጴዛ አለ፤ በመስኮት የሚገባ ለስላሳ ብርሃን አለ፤ አንዲት እጅ መጥታ የተሠራውን ዕቃ ትነካለች፤ ዕቃውም ሳያንገራግር ይታዘዛል፤ ከበስተኋላ ፒያኖ ይሰማል። ፊልሙ ከኡሜዎ ወደ ሚላኖ፣ ከሚላኖ ወደ ኮፐንሃገን ይደርሳል፤ ተማሪዎቹም አንዱ የሌላውን አይቶ ያደንቃል። ይህን ‹‹ሥራን መጋራት›› ይሉታል። እኔ ግን መጋራት ብዬ ለመጥራት ይቸግረኛል፤ የድግሱን ፎቶግራፍ እንጂ ድግሱን አልላኩምና።

ልከራከርለት የምሻው ነገር አጭር ነው። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሊለዋወጡት የሚገባው ረቂቁን ነው፤ ያላለቀውን፣ ግማሹ የሚሠራ ግማሹ የማይሠራውን። ረቂቁም ሲሄድ ከማን እጅ እንደ ወጣ ስሙን ይዞ መሄድ አለበት። የመጀመሪያው ሐሳብ ዛሬ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ሁለተኛው ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ብዕሬን ያነሣሁትም ይልቁንም ለሁለተኛው ነው።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የሆነ አንባቢ ‹‹ይህ እኔን ምን አገባኝ?›› ሊል ይችላል። ጥቂት ይታገሠኝ። ሙያው ኢንተራክሽን ዲዛይን ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ቢል ሞግሪጅና ቢል ቨርፕላንክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ዘመኑም 1980ዎቹ አጋማሽ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) በአማርኛ ‹‹የመስተጋብር ንድፍ›› የሚሉት አሉ፤ ቃሉ ከግእዙ ‹‹ገብረ›› የሚመዘዝ ነውና ሁለት ወገኖች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ነገር ያመለክታል፤ አይከፋም። የሙያው ዋና ጉዳይ በሰውና በዕቃው መካከል የሚደረገው ምልልስ ነው። ሰው ይጫናል፤ ዕቃው ይመልሳል። ዕቃው ዝም ሲል ተበላሽቶ ነው ወይስ ሥራ ላይ ሆኖ? ሰው ሲሳሳት ዕቃው ይቆጣዋል ወይስ መንገዱን ያሳየዋል? ተውኔት የጻፈ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ ገጸ ባሕርይው መቼ እንደሚናገርና መቼ ዝም እንደሚል የመወሰን ችግር ነው። ልዩነቱ ከሁለቱ ተዋናዮች አንዱ ቃለ ተውኔቱን ጨርሶ ያላጠና መሆኑ ነው። ቨርፕላንክ እየሣለ በማስተማር የታወቀ ሰው ነው፤ ሙያውንም በሦስት ጥያቄዎች ጠቅልሎታል፦ እንዴት ታደርጋለህ? እንዴት ይሰማሃል? እንዴት ታውቃለህ?

እኛም ብንሆን ከዚህ ጥያቄ ጋር ሳንተዋወቅ የኖርን አይደለንም። ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ያለውን ፊደላችንን መቶ እንኳ የማይሞሉ ምልክቶችን ብቻ በሚይዝ የጽሕፈት መኪና ላይ ማስፈር ከባድ የመስተጋብር ጥያቄ ነበር። የተገኘው መልስ ፊደሉን መለያየት ሆነ፤ አካሉን በአንድ ምት፣ ቅጥያውን በሌላ ምት። በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎችን ያገላበጠ ሰው ቅጥያው ከአካሉ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ የተንጠለጠለበትን ፊደል ያስታውሳል። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሣል፤ ሊነሣም ይገባዋል። በኋላ ዘመን ወደየቢሮው የገቡት የአማርኛ መኪኖች ደግሞ ኦሊቬቲ የሚል ስም የተጻፈባቸውም ነበሩ። ኦሊቬቲ የኢቭሬያ ልጅ ነው፤ የምነግራችሁ ታሪክም የተፈጸመው በዚያችው ከተማ ነው።

ኢቭሬያ በሰሜን ኢጣሊያ፣ ከቶሪኖ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ካሚሎ ኦሊቬቲ በ1908 የጽሕፈት መኪና ፋብሪካውን የተከለባት፣ ልጁ አድሪያኖ ደግሞ ፋብሪካውን ከመኖሪያ ቤት፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከሕፃናት መዋያ ጋር አጋብቶ ያስፋፋባት ከተማ ናት፤ ዩኔስኮም በ2018 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧታል። በዚህች ከተማ በ2001 ኢንተራክሽን ዲዛይን ኢንስቲትዩት ኢቭሬያ የተባለ ትንሽ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ ከቴሌኮም ኢታሊያና ከኦሊቬቲ ነበር። የመራችው ጊሊያን ክራምፕተን ስሚዝ ናት፤ ከዚያ በፊት ለንደን ውስጥ በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ኮምፒዩተርን ከዲዛይን ያገናኘውን የትምህርት ክፍል ያቋቋመች መምህርት። ተማሪዎቹ ከየአህጉሩ የተሰበሰቡ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ የኖረው አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። እንደዚያ አጭር ዕድሜ ኖሮት እንደዚያ ረጅም ጥላ የጣለ ትምህርት ቤት ብዙ አላውቅም።

የተማሪዎቹ ችግር መሣሪያ ነበር። ብርሃን ሲነካው የሚዘምር፣ ሰው ሲቀርበው የሚነቃ ነገር ለመሥራት ያስባሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ሠዓሊዎችና ነዳፊዎች እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች አልነበሩም። በገበያ ላይ የነበረችው ቤዚክ ስታምፕ የተባለችው ትንሽ ሰሌዳ መቶ ዶላር ያህል ታወጣ ነበር፤ ለተማሪ ኪስ የምትቀመስ አልነበረችም። በዚያው ዘመን፣ በ2001፣ ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ የተባሉ ሁለት የኤም አይ ቲ ተማሪዎች ፕሮሰሲንግ የተባለ ቋንቋ ጀምረው ነበር። ኮምፒዩተር ለማያውቅ ሠዓሊ የታሰበ፣ ያለ ዋጋ የሚሰጥ፣ የውስጥ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ቋንቋ ነው። በፕሮሰሲንግ የተጻፈ አንድ ሥራ ፕሮግራም አይባልም፤ ‹‹ስኬች›› ይባላል። እኛ ረቂቅ እንለዋለን። ሥራን ከመነሻው ረቂቅ ብሎ የሚጠራ መሣሪያ ለባለቤቱ ምን ያህል ድፍረት እንደሚሰጥ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ከሁለቱ አንዱ፣ ኬሲ ሪስ፣ ኢቭሬያ መጥቶ አስተማረ፤ ረቂቁንም ይዞት መጣ።

በኢቭሬያ ከተማሩት አንዱ ኤርናንዶ ባራጋን የተባለ ኮሎምቢያዊ ነበር። በ2003 ጀምሮ በ2004 የፈጸመው የማስተርስ ሥራው ዋየሪንግ ይባላል፤ አማካሪዎቹ ማሲሞ ባንዚና ኬሲ ሪስ ነበሩ። ባራጋን ያሰበው የፕሮሰሲንግን መንፈስ ከመስታወቱ አውጥቶ ወደ ኤሌክትሪክ ሰሌዳው ማሻገር ነው። ሰሌዳውን ነደፈ፤ የመጻፊያውን ሶፍትዌር አሰናዳ፤ ከሁሉ በላይ ግን ቃላትን መረጠ። ከዚያ በፊት አንዲት ትንሽ መብራት ለማብራት የቺፑን የውስጥ ክፍሎች በቁጥርና በምሕጻረ ቃል መጥራት ያስፈልግ ነበር፤ ለባለሙያው እንጂ ለሌላው ጸሎተ መናፍስት የሚመስል ነገር ነው። ባራጋን በዚያ ፈንታ ‹‹ዲጂታል ራይት››፣ ‹‹አናሎግ ሪድ›› የሚሉ ትእዛዞችን አኖረ። ወደ ሰሌዳው የሚሄደውን ‹‹ጻፍ›› አለው፤ ከሰሌዳው የሚመጣውን ‹‹አንብብ›› አለው። መብራት ማብራት መጻፍ ሆነ፤ የክፍሉን ሙቀት መለካት ማንበብ ሆነ። ይህን ምርጫ ቀላል ነገር የሚያደርግ ሰው ቃል ምን እንደሆነ አልገባውም ብል ደፈርክ አትበሉኝ።

በ2005 ማሲሞ ባንዚ፣ በስዊድን የማልሞ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዴቪድ ኳርቲዬስ፣ በኢቭሬያ ተማሪ የነበረው ዴቪድ ሜሊስ፣ ከኒው ዮርክ ቶም አይጎና የአካባቢው መሐንዲስ ጃንሉካ ማርቲኖ በዋየሪንግ ላይ ተመሥርተው ረከስ ያለ ቺፕ ያለው፣ ሠላሳ ዶላር ያህል የሚያወጣ ሰሌዳ ሠሩ። ስሙን አርዱዊኖ አሉት፤ ያዘወትሩት ከነበረው መጠጥ ቤት ስም የተወሰደ ሲሆን መጠጥ ቤቱ ደግሞ ስሙን ያገኘው በ1002 የኢጣሊያ ንጉሥ ከሆነው ከኢቭሬያው አርዱዊኖ ነው። ከሰሌዳው ጀርባ ትንሽ የኢጣሊያ ካርታ አተሙበት። ሦስት መቶ ያህል ባዶ ሰሌዳ አሳትመው ለተማሪዎች አደሉና ‹‹መመሪያውን ፈልጋችሁ ራሳችሁ ገጣጥሙት፤ አንድ ነገርም ሥሩበት›› አሏቸው። ትምህርት ቤቱ ግን ገንዘቡ እየነጠፈ ነበር፤ በዚያው ዓመት ተዘግቶ ትምህርቱ ወደ ሚላኖው ዶሙስ አካዳሚ ተዛወረ። ሥራው ከትምህርት ቤቱ ጋር እንዳይጠፋ፣ ወይም አንድ ባለ ገንዘብ እንዳይጠቀልለው በመስጋት ንድፉን ለዓለም ሁሉ ክፍት አደረጉት። ከኢቭሬያ መምህራን አንዳንዶቹ በኋላ ኮፐንሃገን ሄደው ሌላ የመስተጋብር ንድፍ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ሰሌዳው አብሯቸው ሄደ፤ ኳርቲዬስም ወደ ማልሞ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ ያልደረሰበት የለም።

እንግዲህ መጋራት ማለት ይህ ነው። ኢቭሬያ ከማልሞ፣ ሁለቱም ከኒው ዮርክ የተገናኙት በፊልም አይደለም። ያላለቀ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ስለ ተላለፈ ነው። ቢያልቅ ኖሮ ሌላው የሚያደርግበት ነገር አይኖርም ነበር። ጥሩ ፊልም ተመልካቹን ‹‹እንዴት ያምራል!›› ያሰኘዋል፤ ሦስት መቶ ባዶ ሰሌዳ ግን ‹‹የት ላይ ልበየደው?›› ያሰኛል። የማልሞው ሰው የኢቭሬያውን ሰሌዳ ቀምሞ ሊያሻሽለው የቻለው ቀዳዳው ስለ ታየው ነው።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ።

ዛሬ አርዱዊኖ ሲነሣ የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2005ና ከመጠጥ ቤቱ ነው። መጠጥ ቤት ለታሪክ ይመቻል፤ ንጉሥም ያለበት ታሪክ ያምራል። የኮሎምቢያዊው ተማሪ የማስተርስ ጽሑፍ ግን ለእራት ወሬ አይመችም። ባራጋን ራሱ በ2016 ረጅም ጽሑፍ አውጥቶ ዋየሪንግ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ አርዱዊኖ ከእርሱ ምን እንደ ወሰደ፣ እርሱ እንዴት ሳይጠራ እንደ ቀረ በየቀኑ ዘርዝሮ ተረከ። የወጣለትን ስም ብቻ ሳይሆን ያልተነገረለትን ታሪክ ነበር የጠየቀው። ለሌላው ወገን ፍርድ ላለማጓደል ይህንም ልናገር፦ የአርዱዊኖ ሰዎች ዋየሪንግን ፈጽሞ አልደበቁም፤ በገጾቻቸው ላይ ተጠቅሷል። ፈቃዱም ክፍት ፈቃድ ነበርና ማንም ወስዶ ማሻሻል ይችል ነበር። ዋጋውን ያረከሱት፣ ለዓለም ያዳረሱት፣ ዓመታትን የሠዉለት እነርሱ ናቸው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሌባ ፈልጌ አይደለም። የማዝነው ሕግ በማይጠይቀው ነገር ነው።

የሚገርመው ስም ዋጋ እንዳለው ሁሉም ያውቅ እንደ ነበር መታየቱ ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ጠብ ተነሥቶ አርዱዊኖ የሚል ስም የያዙ ሁለት ኩባንያዎች እስከ 2016 መጨረሻ አካባቢ ድረስ በንግድ ምልክቱ ተካስሰዋል፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ መታረቃቸውን አስታወቁ። የተጣሉት ስለ ሞተው ንጉሥ ስም ነው። የሕያው ተማሪው ስም በክሱም በዕርቁም ውስጥ አልነበረም። በ2025 ጥቅምት ደግሞ ኩዋልኮም የተባለው ግዙፍ የቺፕ ኩባንያ አርዱዊኖን ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። የተማሪ ረቂቅ እስከዚህ ይሄዳል ብሎ በ2003 ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ ጋር የማስተያየው ሌላ የተማሪ ሥራ አለ። በ1992 ለንደን ውስጥ፣ ክራምፕተን ስሚዝ ባቋቋመችው በዚያው ክፍል፣ ዱሬል ቢሾፕ የተባለ ተማሪ የስልክ መልእክት መቀበያ ነደፈ። ባለቤቱ በሌለበት አንድ ሰው ደውሎ መልእክት ሲተው ከመሣሪያው አንዲት ብይ ትወርዳለች። ሦስት ብይ ካገኘህ ሦስት መልእክት አለህ። ብዪዋን አንሥተህ መስሚያው ላይ ስታስቀምጣት የደዋዩ ድምፅ ይሰማል፤ ስልኩ ላይ ስታስቀምጣት ለደዋዩ መልሶ ይደውላል። መልእክቱ ለሌላ ሰው ከሆነ ብዪዋን ትሰጠዋለህ። የሰው ድምፅ የምትይዝ ብይ! አንድ ቃል መመሪያ ሳይነበብ ሕፃንም አዛውንትም ይረዳዋል። ይህ ዕቃ አንድም ቀን ፋብሪካ ገብቶ፣ ተመርቶ፣ ገበያ ወጥቶ አያውቅም። ነገር ግን በ1997 ሂሮሺ ኢሺና ብሪግ ኡልመር ከኤም አይ ቲ በእጅ ስለሚዳሰስ ኮምፒዩተር ያወጡት ታላቅ ጽሑፍ የቢሾፕን ብይ በስሙ ጠቅሶ ከመነሻዎቹ አንዷ አድርጓታል፤ ከዚያ ወዲህም ሙያውን የሚያስተምር ሁሉ ብይዋን ሲያነሣ የቢሾፕን ስም ያነሣል።

ሁለቱም ተማሪዎች ነበሩ። የአንዱ ሥራ ሳይመረት ስሙ ተከትሎት ኖረ፤ የሌላው ሥራ በምድር ዙሪያ ሲመረት ስሙ ወደ ኋላ ቀረ። ለምን? የእኔ ግምት እንዲህ ነው። የቢሾፕ ብይ የተጓዘችው በጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ከማን እንዳገኘኸው ካልተናገርክ የምታፍርበት የቆየ ሥርዓት አለው። የባራጋን ሥራ የተጓዘው በመሣሪያነት ነው። መሣሪያ ያነሣ ሰው ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም፤ መዶሻ ያነሣ ሰው ሚስማሩን እንጂ ቀጥቃጩን አያስብም። ስሙ እርግጥ በኮዱ ፋይል ራስጌ ላይ ሊኖር ይችላል፤ ማንም በማይከፍተው ፋይል ውስጥ ያለ ስም ግን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ እንዳለ የዘር ሐረግ ነው። ዛሬ የአውሮፓ ተማሪዎች የሚለዋወጡት ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ከጽሑፍ ይልቅ ወደ መሣሪያ እያደላ ነው፤ ኮድ፣ የሰሌዳ ንድፍ፣ በማሽን የሚቀረጽ ፋይል። ስለዚህ ነገሩ የሚያሰጋኝ የአንድ ሰው ቅሬታ ሆኖ ስለ ታየኝ አይደለም። ከሚሰጡት መካከል ደካማው ተማሪው ነው፤ መምህሩ ወንበር አለው፣ ትምህርት ቤቱ ስም አለው፣ ኩባንያው ጠበቃ አለው፤ ተማሪው ያለው ረቂቁና ስሙ ብቻ ነው። ረቂቁን ከሰጠ በኋላ የሚቀረው ስሙ ነው።

የአገራችን የቅኔ ቤት ይህን ነገር በሌላ መንገድ ፈትቶት እንደ ኖረ ማስታወስ እወዳለሁ። የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዋድላ ይሄድ ነበር። ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርሙታል፤ ስሕተቱ ለሁሉ ትምህርት ይሆናል። ረቂቅ የሚደበቅበት ቤት አልነበረም። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የተናገረ ተማሪ ግን መሳቂያ ይሆናል። አዲስ ቤት ሲገባም ከማን እንደ ተማረ ይጠየቃል፤ መምህራኑም ቅኔውን ከማን እንደ ተቀበሉ ሐረጉን ወደ ላይ ይቆጥራሉ። (ቅኔ ቤቱን በጎ ብቻ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም፤ ረሃቡን፣ ቁፋሮውንና የመንደሩን ውሻ የቀመሰ ሰው ይመስክር።) እዚህ ላይ የሚማርከኝ ሁለቱ ነገሮች አብረው መኖራቸው ነው፤ ሥራው ለሁሉ ክፍት ነው፣ ሐረጉም ይቆጠራል። አንዱ ሌላውን አላፈነውም።

የአውሮፓ መንግሥታት በበኩላቸው ተማሪውን ራሱን ለማንቀሳቀስ ብዙ ደክመዋል። ኢራስመስ የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ በ1987 ሲጀመር በ11 አገሮች መካከል 3,244 ተማሪዎች ተዘዋውረዋል፤ ዛሬ ቁጥሩ በሚሊዮን ይቆጠራል። ስሙ የሮተርዳሙን ሊቅ ያስታውሳል፤ ያ ሰው ከከተማ ከተማ ሲዞር የኖረ፣ የነገረ መለኮት ዶክትሬቱንም በ1506 ከኢቭሬያ አጠገብ ካለችው ከቶሪኖ የተቀበለ ነው። መልካም ነው። ይሁን እንጂ እግር መንቀሳቀሱ ሥራው ለመንቀሳቀሱ ዋስትና አይደለም። አንድ ተማሪ ስድስት ወር ሌላ አገር ተቀምጦ፣ ሌላ ፊልም ሠርቶ፣ የጓደኞቹን ረቂቅ አንድ ቀን ሳይነካ ሊመለስ ይችላል።

ይህን ስናገር የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። ‹‹ውጤት የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ተማሪ በተናጠል ነው፤ ረቂቁን ያሳየ ተማሪ ሐሳቡን ይነጠቃል›› ይሉኛል። እውነት አለው። ለዚህም ነው ስሙን ከረቂቁ ጋር እሰሩት የምለው፤ ስሙ ቀድሞ የተጻፈለት ረቂቅ ለመስረቅ አይመችም። ትምህርት ቤቶቹ ሥራን በነጥብ ሲመዝኑ ‹‹ከማን ወሰድክ? ማንስ ካንተ ወሰደ?›› የሚለውን ቢጠይቁ፣ ብዙ የተወሰደለትንም እንደ ጎበዝ ቢቆጥሩት፣ ተማሪው ረቂቁን በጠረጴዛው መሳቢያ የሚቆልፍበት ምክንያት ይቀንሳል። ‹‹ያላለቀን ነገር ማሳየት ያሳፍራል›› የሚለው ግን አያሳምነኝም። ደራሲ ጓደኞቼ የመጀመሪያ ረቂቃቸውን እየተንቀጠቀጡም ቢሆን ያስነብባሉ፤ የሚያነቡትን ግን መርጠው ነው። የኡሜዎው ተማሪም ለዓለም ሁሉ ያሳይ አላልኩም። ሚላኖ ላለ አንድ እኩያው ያልሠራውን ሰሌዳ፣ የጣላቸውን ሦስት ሐሳቦችና ሐሳቡን የጫረበትን ሰው ስም በአንድ ሣጥን አድርጎ ይላክለት። ፊልሙን ለእናቱ ያሳያት፤ ደስ ይላታል።

አርዱዊኖ ዛሬ ወደ እኛም ገብቷል፤ በየዩኒቨርሲቲያችን የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን የሚሠሩበት የተለመደ ሰሌዳ ነው። ባሕር ዳር ወይም ጅማ የተቀመጠ አንድ ተማሪ የመስኖ ውኃ መቆጣጠሪያ ሲሠራ፣ ከጽሑፉ ፊት የምስጋና ገጽ ያስገባል። ፈጣሪን ያመሰግናል፤ ወላጆቹን ያመሰግናል፤ አማካሪውን ያመሰግናል፤ ኮዱን ያዋሰውን ጓደኛውን አንዳንዴ ያመሰግናል፣ አንዳንዴ ይረሳል። ከዚያ ሰሌዳውን ከኮምፒዩተሩ ያገናኝና የመጀመሪያዋን ትንሽ መብራት ለማብራት ‹‹ዲጂታል ራይት›› ብሎ ያዝዛል። ቃሉን የመረጠለት እንደ እርሱ የመመረቂያ ሥራ ይዞ ይጨነቅ የነበረ ተማሪ ነው፤ ስሙ ኤርናንዶ ባራጋን ይባላል፤ በዚያ የምስጋና ገጽ ላይም አንድ መስመር የሚሆን ቦታ አይጠፋም።